የሃርላን ግራ ጆሮ

የወረቀት ቀለህ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ከዛሬው የላስቲክ ቀለህ ጋር አይገናኝም። የተቃጠለ ሰም፣ እርጥብ ካርቶንና የከረሜላ ጠረን የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮን ከርከም አድርጎ ደረት ውስጥ የሚቀር ሽታ ነበር። ሃርላን ብራንድቮልድ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አባቱ ከበቆሎው እርሻ ዳር ወዳለው የተኳሾች ክበብ ይዞት ከሄደበት ከመጀመሪያው እሑድ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያንን ሽታ ነው። ድምፁንማ ጆሮው ለራሱ ይዞት ቀረ። የዚያን ዕለት ማታ ጋደም ሲል በግራ ጆሮው ውስጥ አንዲት ቀጭን ፉጨት ጀመረች። ነገ ይለቀኛል ብሎ ተኛ። ፉጨቷ ግን አብራው ወታደር ቤት ገባች፣ አብራው ሚስት አገባች፣ አብራው ጡረታ ወጣች።

በዚያ ዘመን ጆሮውን የሚሸፍን ተኳሽ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጥጥ የወተፈ ሰው ከተገኘ «ምነው፣ ጥርስህን አመመህ?» እየተባለ ይሾፍበታል። ሜርል የሚባለው ጓደኛው የሲጋራ ማጣሪያ እየቆረጠ ጆሮው ውስጥ ይሰካ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከጥጡ የተሻለ አልነበረም። ለዒላማ የምትሆነው ትንሽ የሸክላ ሳህን ከመወርወሪያው ጉድጓድ እየተወረወረች በሰማይ ላይ ስትሽከረከር፣ «ልቀቅ!» ብሎ ጮሆ፣ ተከትሎ፣ ተኩሶ፣ እንደ ጥቁር ዱቄት ስትበተን ማየት ነበር የሁሉም ደስታ። ጆሮን ያን ጊዜ ማን ያስበዋል?

በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያስደግፍ ቀኝ ጆሮው በገዛ ራሱ ይከለላል፤ ግራው ግን ለአፈሙዙ ተጋልጦ ይቀራል። ስለዚህ የተኳሽ ጆሮ እኩል አያረጅም። በክበቡ በረንዳ ላይ ሽማግሌዎቹ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ሲቀመጡ፣ እያንዳንዱ የሚሰማው በቀኙ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ወሬ በዚያ ወንበር ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። ግራ ጫፍ ላይ የተቀመጠው የሁሉንም ቀልድ ሰምቶ ለማንም መመለስ አይችልም፤ መመለስ ያማረው እንደ ሆነ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። እንግዳ ሰው ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ እነሱ ግን ለምደውታል።

ሃርላን አርባ ዓመት ያህል ከየእርሻው ወተት እየጫነ ወደ አይብ ፋብሪካው ሲያመላልስ የኖረ የቦቴ ነጂ ነው። ሚስቱ አርዲስ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል በወፍራሙ ድምፅ ታዜማለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች የልባቸውን የተጫወቱት መኪና ውስጥ ነው። እሱ መሪውን ይዞ፣ እሷ በቀኙ ተቀምጣ፣ ደህናው ጆሮው ወደ እሷ ሆኖ። ቤት መሥራትን፣ ልጅ መውለድን፣ የእናቷን መቀበር፣ ሁሉንም የተነጋገሩት በዚያች አሮጌ ፒክ አፕ ውስጥ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን አርዲስ የምትቀመጠው ከምድጃው አጠገብ፣ በግራው በኩል ነው። አንድ ጊዜ «ወንበር እንቀያየር» ብሏት ነበር። «ምድጃው እዚህ ነው» አለችና ተወችው።

ከዚያ አርዲስን በሽታው ያዛት። እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ እርምጃ የሚያሳጥረው። እጇንስ ጠብቀውት ነበር፤ ድምፅን እንደሚሰርቅ ግን ማንም አልነገራቸውም። ያ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ይሞላ የነበረ ድምፅ ከወር ወር እየሳሳ ሄዶ ሹክሹክታ ሆነ። መኪናም መውጣትና መውረድ አቃታት። አንድ ነገር እንዲሰማላት ስትፈልግ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በተሽከርካሪ ምርኩዟ ዞራ፣ በቀኙ መጥታ ትከሻውን ትነካዋለች። «ብላ።» «መድኃኒትህን።» «ስልክ።» ከዚህ የረዘመ ነገር አትናገርም። ሃርላን ዝም አለችኝ ብሎ አመነ። ተቀይማኛለች እያለም ያስብ ነበር።

የሃርላን የጆሮ ሐኪም አልሸነገለችውም። «ግራህ አልቋል ማለት ይቻላል። ቀኝህም እየተከተለው ነው። ወይ መተኮስህን ተው፣ ወይ ከጆሮህ የማታወልቀው መከለያ ፈልግ» አለችው። ቀደም ሲል የተገዛለት የጆሮ መስሚያ መሣሪያ እያፏጨ ስላስመረረው መሳቢያ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሃርላን መተኮስን ልተው ብሎ ሁለት እሑድ ቤት ዋለ፤ ከምንም ይልቅ ያስፈራው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይህች የቀረችው ጆሮ ከሄደች፣ አርዲስ በቀኙ መጥታ የምትላት ያቺ «ብላ» እንኳ ትቀርበታለች። ስለዚህ ጠመንጃውን በከረጢቱ አንግቦ ወደ ክበቡ ሱቅ ሄደ።

ሱቁን የምትጠብቀው ሎረታ ናት፤ ጥርስ የማታስከድን፣ ከወንዶቹ ሁሉ የተሻለች ተኳሽ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፍቶብህ መጣህ?» አለችው።

«ጆሮ ልገዛ።»

«አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?»

«ያገለገለውማ አለኝ።»

«መነጽርህን አድርግ፣ ጠመንጃህንም አውጣ። ባዶ ራስ ላይ ሁሉም ይመቻል፤ ያንተ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ባዶ ነው።»

መጀመሪያ የሰጠችው ትልቁን፣ ድምፅ በደንብ ያፍናል የሚባለውን ነበር። ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያስጠጋ ጆሮ የሚሸፍነው የቀኙ ኩባያ ከእንጨቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ተነሣ። ሎረታ ጣቷን በክፍተቱ አስገብታ አሳየችው። «ይኸው። ሙሉ ሰው ይገባበታል።» ሁለተኛው ቀጭን ነበር፤ ቅስቱ ግን የመነጽሩን ዘንግ ጆሮ ግንዱ ላይ ተጭኖ እንባ አመጣበት። «ይሄ የወተት ጣሳ ክዳን ነው እንጂ የሰው ልብስ አይደለም!» ብሎ አወለቀው። ከዚያ ለስላሳዎቹን መወተፊያዎች አመጣች። በጣት አድቅቆ መጠቅለል፣ በሌላው እጅ በአናት ዞሮ ጆሮን ወደ ላይ መሳብ፣ አስገብቶ እስኪያብጥ መያዝ። የሃርላን ጣቶች ወፍራም ናቸው፤ ግማሹ ውጭ ቀረ።

«ውጭ የቀረው ጌጥ ነው» አለችው ሎረታ። «ሠርግ ካለብህ ውሰደው።»

መጨረሻ ላይ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ አወጣች። ኩባያዎቹ ሳሳ ያሉ፣ ሰደፍ የማይነካቸው፤ ትራሶቻቸው እንደ ሊጥ ለስልሰው የመነጽሩን ዘንግ ውጠው የሚያስቀሩ። ባትሪም አለው። «ሲበራ ከግራም ከቀኝም ያለውን ወሬ አጉልቶ ያስገባል፣ ተኩስ ያስቀራል» አለች።

«የሜርልን ወሬ የሚያስቀር የለሽም?»

«እሱ ገና አልተሠራም። ደግሞ አሁን እንዳትገዛው። ውሰደውና ቤትህ እራት ስትበላ አድርገው። ጉዱ የሚታወቀው መንጋጋ ሲላወስ ነው። እዚህ ቆመህ የተመቸህ ነገር ከሰዓት በኋላ አናትህን ይበሳዋል። ያልተመቸህን ታወልቀዋለህ፤ ያወለቅኸው ደግሞ ምንም አይሠራልህም። ተስማማኝ ስትል ትከፍለኛለህ።»

በዚህ ዓይነት ሃርላን መከለያውን ራሱ ላይ ደፍቶ እራት ቀረበ። አርዲስ ባየችው ጊዜ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በቀኙ ዞራ መጥታ አንዱን ኩባያ ገለጥ አደረገችና «ሾርባው ይፈነዳል ብለህ ነው?» አለችው። ከወራት በኋላ የሰማው ረጅሙ ንግግሯ ነበር። ለሙከራ መሆኑን ነገራት፤ ራሷን ነቅንቃ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። መከለያው በእርግጥም ይመቻል። መንጋጋው ሲላወስም አይቆነጥጥም። ግማሽ ሳህን ከበላ በኋላ ባትሪውን ደግሞ ልሞክር ብሎ ቁልፏን እስከ መጨረሻው አዞራት።

ማቀዝቀዣው እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ማንኪያው ሳህን ሲነካ ብረት በብረት የተመታ መሰለው። ከዚያ በግራው በኩል፣ ቀስ ያለ፣ የተቆራረጠ፣ ግን የእሷ የሆነ ድምፅ መጣ።

«...በቆሎው ዘንድሮ ዘገየ። ይህን ጊዜ ታጭዶ ያልቅ ነበር። የሹራቤ ቁልፍ ዛሬም እምቢ አለኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ ስታገለው ውዬ ተውኩት። ብነግርህ ትቆልፍልኝ ነበር። ግን አንዴ ከቆለፍክልኝ ሁልጊዜ ቆላፊዬ ልትሆን ነው። ባሌ ሆነህ ቆይልኝ ትንሽ።»

ወደ እሱ አልዞረችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት የላትም። እንደ ጸሎት ያለ ነገር ነበር። አላኮረፈችውም። ዝም ብላም አታውቅም። ማንም በማይሰማበት በዚያ ጆሮ በኩል በየማታው ስትናገር ኖራለች ማለት ነው። «እሰማሻለሁ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደረሰ። ግን ገና እየተናገረች ነበር። ይህችን ላስጨርሳትና እነግራታለሁ አለ። ከዚያም የሚቀጥለውን። እራቱ አለቀ፤ አልነገራትም።

በማግስቱም መከለያውን አድርጎ ቀረበ። «ገና እየሞከርክ ነህ?» አለችው በምልክት። «ገና ነኝ» አላት።

ያን ሳምንት የሰማው ብዙ ነው። ውኃ እንደሚያንቃትና አንድ ቀን ትንፋሽ ያጥረኛል ብላ እንደምትፈራ። ልጃቸው ጆሊን ብቻዋን በዘመረችበት ቀን እሱ ለውድድር ሄዶ ዋንጫ ይዞ እንደ ተመለሰ፤ «ያንን ዋንጫ ስወለውለው እስከ ዛሬ እጄ ይናደዳል» አለች። ሲያንኮራፋ እንደምትወደው፣ ድምፁ ስለሚያስተኛት። የቦቴ ነጂ በነበረበት ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ሲወጣ አልጋው ውስጥ የሚተወውን ሙቀት ተንከባላ ትገባበት እንደ ነበር። ሃርላን አንገቱን ደፍቶ ያኝካል፤ አንዳንዴ የሚያኝከው ነገር ሳይኖር።

በሰማው ነገር ዝም ማለትም አልቻለም። ጠዋት ሹራቧን ስትለብስ እንደ ድንገት አጠገቧ ይገኝና ቁልፉን ይቆልፍላታል። ሾርባውን እንዳያንቃት በድንች አወፍሮ ያቀርብላታል። አርዲስ በመገረም አየችው። አንድ ጊዜ በሚንቀጠቀጥ እጇ ጉንጩን ነካችው፤ ሳይነግሩት የገባው ሰው አድርጋ ነበር የቆጠረችው። ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረበት። እሱ ግን በዚያ ንክኪ ተደሰተ፤ ደስታውም አፉን ያዘው።

ዓርብ ዓሣ ጠበሰ። አርዲስ ሹካዋን አላነሣችም።

«ጆሊን ነገ ትመጣለች» አለች ለመስኮቱ። «ለጉብኝት አይደለም። ግሪን ቤይ ውስጥ አስታማሚ ያለበት ቤት አግኝታልኛለች። አንድ ክፍል ነው፣ መስኮት አለው አለችኝ። ሻንጣዬን ከልብስ ማጠቢያው ኋላ አድርጌዋለሁ። ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ በቀኝህ መጥቼ እነግርሃለሁ። ዛሬ ብነግርህ በነዚያ ዓይኖችህ ታየኛለህ፣ ከዚያ እቀራለሁ። መቅረት የለብኝም። ባለፈው ወድቄ ልታነሣኝ ስትሞክር አብረን ወለሉ ላይ ስንቀር አንተ ሳቅህ። ወገብህን ይዘህ ነበር የሳቅኸው፤ አይቼሃለሁ። በእኔ ምክንያት አትሰበርም።»

«አትሂጂ፣ አርዲስ።»

ድምፁ ለራሱም ከሩቅ መጣበት። አርዲስ ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ መከለያውን፣ ከዚያ በኩባያው ጠርዝ ላይ የምትበራዋን ትንሽ አረንጓዴ መብራት አየች። እጇን ዘርግታ መብራቷን በጣቷ ሸፈነቻት፤ መልሳ ገለጠቻት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሎረታ ከሰጠችኝ ቀን ጀምሮ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ቁልፉን... እኔ እኮ በራስህ ያወቅኸው መስሎኝ ነበር።»

«ልነግርሽ ነበር። በየማታው ልነግርሽ ነበር። ድምፅሽ ናፍቆኝ እኮ ነው፣ አርዲስ። ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ላንተ የምለውን በቀኝህ መጥቼ እነግርሃለሁ» አለች። ቃሏ ተቆራረጠ፤ ትንፋሽ ወሰደች። «ሁልጊዜም መጥቻለሁ። ይሄኛው ላንተ አልነበረም። የምፈራበት ቦታ ነበረ። አሁን የት ሄጄ ልፍራ?»

ሃርላን ወንበሩን ገፍቶ፣ አንገቱን አዙሮ፣ ደህናውን ጆሮውን ወደ እሷ አቀረበ። «እንግዲያው በዚህ በኩል ንገሪኝ። ስደቢኝ። የፈለግሽውን በይኝ፣ ብቻ በይኝ። ነገ አልከለክልሽም፤ ሻንጣውንም እኔ አወጣዋለሁ። አንድ ነገር በይኝ።»

አርዲስ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ምርኩዟን ያዘች። መከለያው ገና እንደ በራ ነበርና ሃርላን ሁሉንም ሰማ፤ የነጠላ ጫማዋን መጎተት፣ የትንፋሿን ማጠር፣ የምርኩዟ መንኰራኩር ደፉ ላይ ደርሶ ሲነሣ። ደጋግሞ ስሟን ጠራ። እሷ ሳትዞር፣ በቀኙም ሳትመጣ፣ ደህና እደር እንኳ ሳትለው፣ ከወጥ ቤቱ ወጣች።