ሽማግሌው ገና አልጨረሱም

አጎቴ ደብረ ታቦር ላይ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። እኛ የአንድ ታላቅ ጃፓናዊ ዳይሬክተርን የሰይፍ ፊልም ስንለምናቸው፣ እሳቸው ሰውየው በስተርጅናው የሠራውን ዝግ ያለ ፊልም ይከፍቱብናል። ስናጉረመርም፣ የማያውቁትን ሰው አንቱ እያሉ ይቆጡናል፦

«ጎልማሳ ሳሉ ጠብ አሳዩን፤ አርጅተው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ አሳዩን። የትኛው ይከብዳል?»

የሠራተኞቹ ስም መውጣት ሲጀምር ልንነሣ ስንል፣ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማቸው ሆነው «ተቀመጡ! ሽማግሌው ገና አልጨረሱም» ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ሲጨልም ብቻ «አሁን ጨረሱ፤ በሉ ግቡ» ብለው ያሰናብቱናል።

በአርባቸው ማግስት ያንኑ ፊልም ከፈትኩት። ስሙ ሁሉ አለፈ፤ ቴሌቪዥኑም ጨለመ። ማንም አልተነሣም። ወደ በርጩማዋ ዞረን ብንጠብቅ፣ «አሁን ጨረሱ» የሚለን ጠፋ።