ሳይበርድ የተመለሰው ጌሾ

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ይስማው ተረት ሲያወሩ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንሰማቸው። ያኔ ገና መብራት አልገባልንም፤ የኩራዙ ጢስ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ፍሙ ፊታችንን እያሞቀን፣ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር እኛ እየተጠጋን እንሄድ ነበር። አንድ ምሽት የነገሩን ተረት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእህቴ ሰርግ እየቀረበ ስለነበር አክስቴ እታታ ጠጅ ጣለች። በውኃ የተበጠበጠው ማር ጋን ውስጥ ጥቂት ቀን ሰንብቶ አረፋ ማውጣት ሲጀምር፣ ከግማሽ በላዩን ቀንሳ ከጌሾ ጋር በትልቅ ድስት አፈላችው። ከእሳት ካወረደችው በኋላ ወደ ጋኑ መልሶ፣ ጋኑን ከድኖ መምረግ የአያ ድርሻ ነበርና፣

«የእጅዎ ጀርባ ድስቱን እስኪችለው ድረስ እንዳይመልሱት። ትኩሱ ጥንስሱን ይገድለዋል» ብላቸው ውኃ ልትቀዳ ወረደች።

አያ ወደ ይጁቤ ገበያ ሊሄዱ ቸኩለዋል። «ይሄ እስኪበርድማ ገበያው ይበተናል» አሉና፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን እየገረፋቸው ድስቱን ጋኑ ውስጥ ገለበጡት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እታታ ስትመለስ ጋኑ ተመርጓል። «በርዶ ነው የመለስኩት» አሏት።

በዚያው ቀን ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ፣ የጓደኛዬ የትርንጎ እናት፣ ለሰርጉ የታዘዘችውን ማሰሮ ይዛ መጣች። ጋኑን አይታ «እንዴት ያለ ጋን ነው!» አለችና ሄደች።

ከቀናት በኋላ ጋኑ ሲከፈት አረፋ የሚባል የለም። ማሩ ሞቶ ተኝቷል።

ያን ምሽት ነው አያ የሸክላ ሠሪዋን ሴት ተረት ያወሩት፤ ያየችውን ድግስ ሁሉ የምታበላሸውን፣ ሲመሽ ጅብ የምትሆነውን። በድምፃቸው ተወስጄ እኔም ፈራሁ። ተረቱ ሲያልቅ እናቴ፣

«ለካ አለሚቱ ጋኑን አይታው ነበር!» አለች።

አያ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው አቃጠለኝ።

«አያ ናቸው ትኩሱን የገለበጡት! በዓይኔ አይቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ በጥፊ አጮለኝ። «ታላቅሽን ታዋርጃለሽ?»

እታታ ወንድሟን ትክ ብላ አየቻቸው። ገብቷታል። ግን በሰው ፊት ልታዋርዳቸው አልደፈረችም፤ ኩራዙን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ወሬው በማግስቱ መንደሩን አዳረሰው። ከእትዬ አለሚቱ ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ፤ ለሰርጉም አልተጠራችም። እታታ ሌላ ማር አስመጥታ እንደገና ጣለች። የፈላውን ጌሾ ከድስቱ አጠገብ ሳትነቃነቅ ግማሽ ቀን አብርዳ መለሰችው፤ ጠጁም አማረ። ሰው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዓይን ስለራቀው ነው!» ዓመት ሳይሞላ እትዬ አለሚቱ ልጇን ይዛ አገር ለቀቀች።

አምና ትርንጎን ወደ ደብረ ወርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት። ስለ እናቷ ጠየቅኋት።

«ደህና ናት» አለችኝ። «ብቻ ድግስ ቤት ስትገባ ዛሬም መሬት መሬቱን ነው የምታየው።»

እውነቱን ነገርኳት። መስኮቱን እያየች፣ «እሱንማ እናቴም ታውቀዋለች» አለችኝ።

አያ ዐርፈዋል። ለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ ተረት አዋቂነታቸውን ሲያወድስ እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ውዳሴው ውሸት አይደለም፣ ተረት ማውራት ያውቁበት ነበር፤ ከነገሩን ሁሉ በጣም ያማረውም ያ ተረት ነበር። ይቅር ልላቸው ያቃተኝ ይህንን ነው።