ኢንተርኔት የማይገባበት ክፍል

ልጄ ወታደር ከሆነ ወዲህ የምተኛው እሱ ክፍል ነው። ክፍሉ ማማድ የምንለው ነው፤ ሮኬት እንዳይበሳው ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት። በከተማችን በቂርያት ጋት የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽ ሰው ሁሉ ወደ ማማዱ ይሮጣል። እኔ ግን ባይጮኽም እዚያው ነኝ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ። ለእሱ አልነገርኩትም። «ደኅና ነሽ?» ሲለኝ «ምን እሆናለሁ!» እለዋለሁ።

ክፋቱ፣ ኢንተርኔቱ እዚያ አይገባም። ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨው ራውተር ሳሎን ነው፤ የብረቱን በር ስሻገር በቪዲዮ የማየው የልጄ ፊት ስልኩ ላይ ይደርቃል፣ አፉን እንደከፈተ። እሱን ልየው ካልኩ ከክፍሉ መውጣት፣ ክፍሉ ልቀመጥ ካልኩ እሱን ማጣት ሆነብኝ። ሳይረን እየጮኸ ቢደውልስ? ቢያጣኝስ? 

ለእረፍት የመጣ ጊዜ ሁለት ነጫጭ ዕቃዎች ገዝቶልኝ ነበር፤ ኢንተርኔቱን በቤቱ የመብራት ሽቦ አሳልፈው ሌላ ክፍል የሚያደርሱ። ሳይሰካቸው ከጦሩ ጠሩትና ሄደ። ኋላ እሱ በስልክ እያየኝ እኔው ሰካኋቸው።

«አንዱን ራውተሩ ጋ፣ በገመዱ አገናኚው። ሌላውን ክፍሌ።»

እንዳለኝ አደረግሁ፣ ሠራ። በማግስቱ ከፋብሪካ ጽዳት ስመለስ ግን ድርግም ብሏል። ሳሎን ሆኜ ደወልኩለት።

«እማ፣ ራውተሩ ጋ ያለውን የት ነው የሰካሽው? አሳዪኝ እስቲ።»

አሳየሁት። ሳቁ ሳሎኑን ሞላው። የሰካሁት ለካ የሰንበት ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሰንበት እሳት ስለማንነካ የምግብ ማሞቂያውን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋልን ሰዓት።

«እማ፣ ገና ማክሰኞ ነው እኮ! ዕቃዬን ሰንበት አስከበርሽው!»

«ካንተ ይሻላል፤ አንተ መቼ ታከብራለህ?»

«በይ አሁን ነቅለሽ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኪው።»

ሰካሁት። አረንጓዴ መብራት በራ። ስልኩን ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ በሩን ተሻገርኩ። ፊቱ አልደረቀም። ዓይኑን ጨፈን ከፈት ሲያደርግ አየሁት።

«ክፍሌን አሳዪኝ» አለኝ።

መስኮቱን፣ ኳሱን፣ የግድግዳውን ሥዕል አሳየሁት። አልጋው ጋ ስደርስ «ቆይ» አለኝ። ትራሱ ላይ ሻሼ አለ፤ ከአልጋው ሥር ሸበጤ።

«አንቺ ነሽ እዚህ የምትተኚው?»

«ሳሎን ይበርደኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

ፊቴን ከስልኩ ዞር አደረግሁ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፊው፤ አትዝጊው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ ትንሽ እዚህ ልሁን» አለኝ።

አስደግፌው ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማዋለሁ። ያስላል። ለጓደኛው የሆነ ነገር በዕብራይስጥ ይለዋል፣ ይስቃሉ። ያፏጫል። ስንት ወር ሙሉ ጭር ብሎ የከረመው ቤት ሰው ገባበት። ወጡ ሲበስል ሳላስበው ተጣራሁ።

«ና በል፣ እራት ደርሷል!»

«መጣሁ!» አለ ከክፍሉ።

ለካ ስልኩ ነው። እጄ ሁለተኛውን ሳሕን ይዟል።