የአማቴን ቃል ዋጥኩ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ጾም ማፍረሴን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርና ይችን አንዷን ዘልያት አልፋለሁ። እኔ የአማቴን ቃል ዋጥኩባቸው። ስሙኝና ፍረዱብኝ።

አማቴ እማማ ዘርፌ እዚህ ባዕድ አገር፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ነበረባቸው፤ የእጃቸው ቆዳ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ እኔ የነርስ ረዳት ስለሆንኩ አውቅ ነበር። የቤተክርስቲያን ሰው ግን ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋቸዋል፤ እጃቸውን የሚጨብጥ ጠፋ።

ዴንቨር ወደሚገኝ የቆዳ ሐኪም ወሰድኳቸው። በስልክ አስተርጓሚ እናቅርብ ሲሉን፣ እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ ብዬ እምቢ አልኩ። ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቀደም ሲል የታዘዘላቸውን ቅባት በየቀኑ ይቀቡ እንደሆነ፣ ከዚህ በሽታ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ምን እንደሆነ ጠየቀች። አማቴ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አግኝተው አያውቁም መሰለኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጸበል ሲጀምሩ ቅባቱን እንደተዉት፣ ሁለቱን መቀላቀል ድፍረት እንደመሰላቸው ሳይደብቁ ተናገሩ። ከዚያ፣ “ሌላው ገላዬ እንዳለ ይሁን፤ እጄን ብቻ ታድንልኝ። ሰው ሳይሸሸኝ እንዲጨብጠኝ ነው የምፈልገው” አሉ።

እኔ በእንግሊዝኛ ምን አልኩ? በየቀኑ ትቀባለች፣ አልሠራላትም፣ ያሳክካታል አልኩ።

ለምን? ሐኪሟ ኋላ ቀር ናቸው እንዳትለን ፈራሁ። ሌላው ይሉኝታ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ኩራት ነው እላለሁ። ራሴን ከእፍረት ላድን ብዬ የአንዲት አሮጊት ልመና ዋጥኩ። ሐኪሟም ቅባቱ ካልሠራማ ብላ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ጠንከር ያለ ኪኒን አዘዘች። ያን ጊዜም አፌን መክፈት እችል ነበር። ማዘዣውን ተቀብዬ ወጣሁ።

በኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ ስንመለስ አማቴ፣ “ብዙ ነግሬያት አንቺ ቶሎ ጨረስሽው” አሉኝ። እንግሊዝኛ እንደዚያ ነው አልኳቸው።

ኪኒኑ አጥወለወላቸው፤ ምግብ ጠሉ፣ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። እኔ ነኝ ያንን ያስዋጥኳቸው፤ በየሳምንቱ ውሃ እያቀረብኩ።

ተመልሰን ስንሄድ ሐኪሟ ኪኒኑን አስቆመችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችላቸው፤ ምን እንድናደርግልዎት ይፈልጋሉ? ዛሬስ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አማቴ ግን እሷን አላዩዋትም። ዞረው እኔን አዩኝ።

“አንቺ የመሰለሽን ንገሪያት” አሉኝ።

ለካ አውቀው ኖሯል። እዚያው ወድቄ እግራቸውን መሳም አልነበረብኝም? ያፈርኩ ሰው እውነቱን ይናገራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይበልጥ ደነገጥኩና፣ ያሳክካታል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት እንኳ ጓንት አድርገው ነበር የሚያስቀድሱት። እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት አንድ ማዕድ ቆርሰናል፤ አንድ ቀን እንኳ አጥፍቻለሁ አላልኳቸውም። አላወቅኩም አልልም፤ አውቅ ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።