ከሐርተሼክ የመጣ ታጣፊ ሶፋ

ሐርተሼክ የሄድኩት ትዳሬን ላድን ነው። ሌላው ሰው ወደዚያ የድንበር ገበያ የሚወርደው ለራዲዮ፣ ለሽቶና ለጂንስ ሱሪ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የሄድኩት ለሶፋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽጌን ክረምት ላይ አዲስ አበባ አገባኋትና እኔ ቀድሜ ወደማስተምርበት ጂጂጋ ተመለስኩ። በጥቅምት ተከትላኝ ስትመጣ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቤቱን አየችው። አንድ እግሩ ያጠረ የተማሪ አግዳሚ ወንበር፣ ጠረጴዛ ያደረግኩት የጥይት ሳጥን፣ መሬት ላይ ፍራሽ፣ ሲያሰኘው ብቻ የሚበራ አንድ አምፖልና አንድ ፋኖስ።

"ግቢ እንጂ" አልኳት።

"ገብቼስ የት ልቀመጥ?"

ገባች፤ ሻንጣዋን ግን አልፈታችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብሷን ከተዘጋ ሻንጣ እየመዘዘች ለብሳ መልሳ ቆለፈችበት። በመጨረሻ ከአንድ የውጭ መጽሔት የቀደደችውን ገጽ አሳየችኝ። ቀን ሶፋ፣ ማታ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ዕቃ ነው። አጠገቡ ወሬ እንደምታዳምጥ ጎረቤት አንገቷን ያቀረቀረች ረጅም የቁም መብራት አለች።

"የምቀመጥበት ነገርና ፊትህን የማይበት መብራት ካገኘሁ እፈታዋለሁ" አለች ሻንጣውን እያየች። "ካልሆነ ሰኞ የድሬዳዋ አውቶቡስ አለ።"

ሳትቆጣ መናገሯ ነው ያስፈራኝ።

ቅዳሜ ጠዋት

ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል የሚሠራው አብዲ የጂጂጋ ልጅ ነው። "እኔ እያለሁ አትታለልም" ብሎ አብሮኝ ተነሳ። ባዶ በርሜል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አግኝተን ከጥቂት ነጋዴ ሴቶች ጋር ከላይ ወጣን። በርሜሎቹ ሲንጓጉ መነጋገር ስለማይቻል፣ እስከ ቀብሪበያ ድረስ ሜዳውንና ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ኩይሳ ስናይ ሄድን። ቀብሪበያ ወርደን በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ጠጣን። ስኳሩ ጥርስ ያማል፤ ግን ሁለት ደገምኩ።

"አብረውን ያሉትን ሴቶች ልብ በላቸው" አለኝ አብዲ። "አሁን ቀጫጭን ናቸው። ስንመለስ ይወፍራሉ።"

አልገባኝም።

ሐርተሼክ

ከሶማሊያ ከመጡት ስደተኞች ድንኳኖች ወዲህ ገበያው በሸራና በቆርቆሮ ተዘርግቷል። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ምሰሶ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ግን የጃፓን ቴፕ በየደረጃው አለ። ሶፋዬን ያገኘሁት በሩዝ ጆንያዎች መሐል ነው። አረንጓዴ፣ እግረ አጭር፣ ሥሩ ያለውን ቀበቶ ሲስቡት ጀርባው ወድቆ አልጋ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሳብኩት። ከመጽሔቱ ገጽ ጋር አስተያየሁት። ልቤ ደነገጠ፤ ራሱ ነው።

አብዲ ለሰላት ሊሄድ ተነሳ። "እስክመለስ ስለ ዋጋ ቃል እንዳትተነፍስ" አለኝ።

"አልተነፍስም።"

አልተነፈስኩምም። ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ መጡ፤ ሶፋውን የሚያሻሽጡት ደላላ ናቸው። ፈገግ ብለው ቀኝ እጄን ያዙና ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ በእጃችን ላይ ጣል አደረጉበት። እንዴት ያለ አክባሪ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ከፎጣው ሥር ሦስት ጣቶቼን ጨበጥ አደረጉ። እኔ ደግሞ በሥርዓት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሙሉ እጃቸውን ግጥም አድርጌ ጨበጥኩ።

ዓይናቸው ፈጠጠ። እንደገና ሦስት ጣቶቼን ያዙ። ሰላምታው እንዳላለቀ ገባኝ፤ የእኛም አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። በግራ እጄ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ አምስቱንም ጣቶቻቸውን ይዤ ነቀነቅኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩኝ። በሦስተኛው የቤተሰባቸውን ደኅንነት ጭምር በአጨባበጤ ጠየቅኩ።

ሽማግሌው ፎጣውን አንስተው ወደ ሰዉ ጮኹ። ዙሪያችን የቆሙት ሁሉ እጄን ሊጨብጡኝ መጡ። በዚህ ገበያ እንደምወደድ አላውቅም ነበር።

አብዲ ሲመለስ ሰዎቹ ነገሩትና ራሱን ያዘ።

"መምህር፣ ምን አደረግክ?"

"ሰላም አልኳቸው።"

"ወላሂ ሰላም አላልክም፣ ገዝተሃል! እዚህ ዋጋ የሚነገረው ከጨርቅ ሥር በጣት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። እኚህ ሐጂ ሦስት መቶ አሉህ። አንተ አምስት መቶ አልክ። ሦስት መቶ ይበቃል አሉህ። የለም፣ አምስት መቶ አልክ። ሦስት ጊዜ!"

በኪሴ ያለው አምስት መቶ ሃያ ብር ነበር። የመብራቷ ብር እዚያው ፎጣ ሥር ቀለጠ። እጅ የተጨባበጡበት ነገር ደግሞ አይፈርስም። ሰኞና የድሬዳዋው አውቶቡስ ዓይኔ ላይ መጡ።

ሽማግሌው ግን ፊቴን አይተው አዘኑልኝ። ወደ ኋላ ገብተው አንገቷን ያቀረቀረች የብረት የቁም መብራት እየጎተቱ አመጡ።

"ምርቃት ነው" ብሎ ተረጎመልኝ አብዲ። "እንደ አንተ ያለ ገዢ በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም።"

ከባዱ መቆሚያዋ መንገድ ላይ ስለቀረ ሥሯ ስስ ብረት ብቻ ነው። ግን መብራት ነች። ሽማግሌውን ልሰናበት እጄን ስዘረጋ አብዲ ቀድሞ ያዘኝ።

ቀብሪበያ፣ ኬላ

በመልሱ ሴቶቹ እውነትም ወፍረዋል፤ አንዷ ስድስት ቀሚስ ደራርባ ክንዷ አይታጠፍም። ፈታሹ ግን እሷን አልፎ እኔ ላይ አፈጠጠ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሶፋ። ለራሴ ቤት ነው።"

ቀበቶውን ሳበው፤ ሶፋው ተዘረጋ። "ሶፋ ነው አልክ፣ ይሄ አልጋ ነው። በአንድ ስም ሁለት ዕቃ ታሳልፋለህ?"

ክርክሩ የኬላው ኃላፊ ጋ ደረሰ። ትልቅ ሰውዬ ናቸው፤ ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። "አውርዱት፣ ራሴ አየዋለሁ" አሉ። ተቀመጡበት፤ ሶፋ ነው። ዘርግተው ጋደም አሉበት፤ አልጋ ነው። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ማን ይቀስቅሳቸው? ፈታሹ አልደፈረም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጫቱን አወጣ። ባለስድስት ቀሚሷ ላቧ እየወረደ ታየኛለች፤ እኔም ሶፋዬ እዚያው ተወርሶ ሲቀር ይታየኛል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ኃላፊው ነቅተው ተንጠራሩ።

"ጓድ መምህር፣ ሚስት አለህ?"

"ሰኞን ካለፍኩ አዎ።"

ሳቁ። "ጫኑለት! ኮንትሮባንድ እንዲህ አያስተኛም።"

ቤት

ስንደርስ መሽቷል፤ ከተማው እንደ ልማዱ ጨለማ ነው። ሶፋውን አስገባን። ጽጌ ዙሪያውን ዞረችው፣ በጣቷ ነካችው፣ ተቀመጠች። "እሺ" አለች ብቻ። ከዚያ መብራቷን አቆምኩ።

"አብራት" አለችኝ።

"መብራት ጠፍቷል እኮ።"

ልመናዬን ልጀምር ስል ተነስታ ፋኖሱን ለኮሰችና አንገቷን ባቀረቀረችው መብራት ጫፍ ላይ አንጠለጠለችው። ብርሃኑ ሶፋው ላይ ወረደ፤ የመጽሔቱ ሥዕል ቤታችን ገባ። ወዲያው መብራቷ ከነፋኖሷ ወደ እኛ ተጋደመች። ዘልዬ ያዝኳት።

"ሥሯ ክብደት ይፈልጋል" አለች። ዙሪያዋን ቃኘች። በቤቱ ከሶፋው ሌላ ከባድ ነገር ሻንጣዋ ብቻ ነበር። ጎትታ ብረቱ ላይ ጫነችው። መብራቷ ፀጥ ብላ ቆመች። ጽጌ ፊቴን አየችና በሳቅ ፈነዳች፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች እንዲህ ስትስቅ ማየቴ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ተንበርክካ ሻንጣውን ከፈተች። ልብሶቿን እያወጣች ሶፋው ላይ ከመረቻቸው።

"ምን ይገትርሃል? ቀሚሴ ሻንጣ ውስጥ ይጨማደዳል፤ ከጓሮ ድንጋይ አምጣ!"

ሻንጣውን ድንጋይ ሞላነው።

ይህ ጉዞ ሰላምታ ሲያጥር ደግ እንደሆነ አስተምሮኛል። ሰኞ ማለዳ የድሬዳዋው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በሰፈራችን አለፈ። ጽጌ ተዘርግቶ ባደረው ሶፋ ላይ ተገላበጠች።

"ምን ዓይነት ሾፌር ነው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ሰው እንደተኛ አያውቅም?"