የነጥቡ ምራቂ

ልጄ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ተቀምጣ በርበሬና ሽሮ በስልኳ ትሸጣለች፤ ዕቃው በሚኒባስ ደሴና ኮምቦልቻ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንዴ የገዛው ሰው ሁሉ አልመለስ ስላላት ለደንበኞቿ በሚቀጥለው ግዢ የሚታሰብላቸው ነጥብ ልትሰጥ አሰበች። በአንድ ኪሎ አሥር ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ አሥር ሳንቲም። ኪሎ ሙሉ ገዝቶ ለሰው የሚተርፈው አንድ ብር መሆኑ ነው።

"ይሄማ ስድብ ነው" አልኳት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ጉልት አይደለም።"

"ገዢው ያው የጉልቱ ሰው ነው።"

እኔ ሐይቅ ገበያ ምስር ስሸጥ ኖሬያለሁ። በጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት ሴት ከተሰፈረላት በላይ ምራቂ ብዬ በጣቶቼ ጫፍ ቆንጥሬ ጨመርኩላት። መልሳ ክምሩ ላይ በተነችውና "ለዶሮሽ አድርጊው" ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የጣሳውን ዋጋ ስቆርጥ ምራቂውንም አብሬ አስብ ነበር፤ ስጨምር ግን ሙሉ እፍኝ ነው።

ይህን ለልጄ ነገርኳት።

"ብከስርስ?" አለች።

ከኪሎው የምታተርፈውን ጠየቅኋትና በቡና ስኒ በርበሬ ሰፈርኩ። በአንድ ኪሎ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ አንድ ስኒ በርበሬ ይሁን አልኳት። ስኒውን መዝና አሰላችው። ትርፏ ይችለዋል። አሥር ሳንቲሙን አጥፍታ ስኒውን ጻፈች።

በሦስተኛው ወር አንዲት የኮምቦልቻ ደንበኛ አራተኛ ኪሎዋን አዘዘችና ነጥቧን ለእህቷ ማስተላለፍ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ልጄ ስልኩን ይዛ መጣች።

"ምን ልበላት?"

"ትችያለሽ በያት። የእህቷንም ስልክ ተቀበያት" አልኳት።