ድልድዩን የሚጠብቀው ሰው ታሪክ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። አገሬ ከፍኖተ ሰላም ወዲህ ገጠር ነው፤ ጤፉ ደርሶ ነበርና ማጭድ ልገዛ ቡሬ ወረድሁ። ከመኪና ስወርድ ሰው ሲታፈስ ደረስሁ፤ እኔም ታፈስሁ። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» አልሁ። «ሲጣራ ይታወቃል» አሉኝ።

ያስገቡን ከአንድ የበርበሬ መጋዘን ነው። በርበሬው ወጥቷል፤ አቧራው ግን አልወጣም። በሲሚንቶው ስንጥቅ ሁሉ ፍሬው ተሰግስጓል። አንድ ሰው ከተገላበጠ ሃያ ሰው ያስነጥሳል። መጀመሪያ ስገባ የሁሉም ዓይን ቀልቶ አየሁና ሲያለቅሱ የከረሙ መስሎኝ ነበር። ከቆርቆሮው ቀዳዳ አንዲት ብርሃን ትገባለች። እርሷ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ስትሄድ እያየን ቀኑን እንገፋለን።

ጎኔ የደረሰኝ አንድ የአማርኛ መምህር ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ የመነጽሩ አንድ ጆሮ በክር የታሰረ። ምን አድርገህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ለሰው መጽሐፍ እየጠቆምሁ ነበር» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማውን አንባቢ ሰብስቦ፣ አዲስ የወጣ ልቦለድ ይህ አለ፣ ይህን አንብቡ፣ ያን ተዉት ይል ኖሯል።

«በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«እኔ ታስሬያለሁ። ሌላውን እንጃ» አለኝ።

መጋዘን ገብቶም አልተወውም። መጽሐፍ የለ፣ ወረቀት የለ። እስረኛውን በየተራ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ ይጠይቀዋል፤ ጥቂት ያስባል፤ ከዚያ ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዝ «ላንተ የሚሆን አንድ አለ» ይላል። አብሮን ለታሰረ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ መናኸሪያ ውስጥ ሻይ እየሸጠች የመንገደኛውን ሁሉ ምሥጢር ስለምታውቅ ሴት የተጻፈ ልቦለድ ነገረው። ለአንድ ዲያቆን ደግሞ፣ ድምፁ አንድ ጠዋት የጠፋበትን መሪጌታ ታሪክ ነገረው። «እኔ የነገርኋችሁ አጥንቱን ነው፤ ሥጋውን ስትፈቱ አንብቡት» ይላል።

«መምህር፣ እኔ ስፈታ የምፈልገው ባጃጄን ነው» አለው ነጂው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁም ማስነጠስ ሆነ።

«ለእኔስ?» አልሁት አንድ ቀን። «ለሽማግሌ የሚሆን የለህም?»

«ማንበብ ይችላሉ?»

«በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቀስ እያልሁ።»

«እንግዲያ ለእርስዎ አጭር ልቦለድ ነው። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ።»

ነገረኝ። አንድ ሰው ድልድይ እንዲጠብቅ ተሾመ። ወረቀት የሌለውን እንዳታሳልፍ ተባለ። ክረምት መጣ፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቀየረና ድልድዩ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ቀረ። ሰው በጎን በደረቁ ይሄዳል፤ ድልድዩን የሚሻው የለም። ጠባቂውን ግን ተመለስ ያለው አልተገኘም። ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት አለፈ፤ ልብሱ አለቀ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አዘነለትና ከደረቁ መንገድ ወጥቶ ወደ ድልድዩ ሄደ። ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠው። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። አለቀ።

«ምኑ አለቀ?» አልሁት።

«ታሪኩ።»

«አሳለፈው ወይስ አላሳለፈውም?»

«አልተጻፈም።»

«ይህን የጻፈው ሰው ሰነፍ ነው።»

መምህሩ ሳቀ። «አባቴ፣ የዛሬ ጸሐፊ እንዲህ ነው። የቀረውን ለእርስዎ ትቶልዎት ነው።»

«ጽፎ መጨረስ የእርሱ ሥራ፤ ለእኔ ምን ብሎ ይተውልኛል?»

ሦስት ቀን ተከራከርን። እኔ አሳልፎታል አልሁ። ዲያቆኑ፣ ካሳለፈው የሚጠብቀው ሌላ ሰው የለምና ሥራው እዚያው ሊያበቃ ነው፣ አያሳልፈውም አለ። መጋዘኑ ለሁለት ተከፈለ። ምሳችን ሲገባ እንኳ እየተከራከርን ነበር። መታሰሬን የረሳሁት እነዚያን ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ወሬውን አውጥቶት ኖሯል። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠሩኝ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጮክ ብሎ፣ «ጋቢዎን ይያዙ እንጂ! ዛሬ ፈርመው ቤትዎ ነው የሚያድሩት» አለኝ። መጋዘኑ በሙሉ ሰማ። መምህሩም ሰማ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

መርማሪው የልጄ እኩያ ነው። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ውኃ ሰጠኝ። ከዚያ የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ። ባለቤትዎ ብቻቸውን ናቸው አሉ። ጤፍዎም ማሳ ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። ሚስቴ ወገቧን ታማለች፣ ማጨድ አትችልም። ጤፉ ከዚያ በላይ ከቆየ ይረግፋል። ከተያዝሁ ጀምሮ ከዓይኔ ያልጠፋው ያ ማሳ ነው።

«ላንብበው» አልሁ።

«እኔ ላንብብልዎት።»

«ግድ የለም፣ ፊደል አውቃለሁ።»

ጣቴን አስቀምጬ ጀመርሁ። መርማሪው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። ወረቀቱ፣ መምህሩ «ጠባቂው መንግሥት ነው፣ ድልድዩን አፍርሱት» ብሎ ሲሰብክ ሰምቻለሁ ይላል።

«እንዲህ አላለም» አልሁ።

«ታዲያ ምን አለ?»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ከዚያስ?» አለ።

«አለቀ።»

«አሳለፈው?»

«አልተጻፈም። እኔ አሳልፎታል ባይ ነኝ። መጽሐፉን ፈልግና አንብበው፣ ልጄ። ላንተ የሚሆን ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ሽማግሌ፣ ትቀልድብኛለህ?» አለ። እርስዎ መባሌ እዚያ ላይ አበቃ። «ትፈርማለህ አትፈርምም?»

«ያላለውን አለ ብዬ አልፈርምም።»

«ጤፍህ ይረግፋላ!»

«ይርገፍ።»

ይርገፍ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ወረቀቱን ወደ እርሱ መልሼ ገፋሁት።

መጋዘን ስመለስ የመምህሩ ቦታ ባዶ ነው። ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«እርስዎ እንደወጡ ወዲያው ወሰዱት» አለኝ ዲያቆኑ።

«ምን አለ?»

«የእርስዎን ቦታ አየት አደረገና ወጣ።»

«ወዴት?»

«እንጃ። ማዶ ወዳለው መጋዘን ነው የሚሉ አሉ። መኪና ላይ ጫኑት የሚሉም አሉ።»

ተቀመጥሁ። ፈርሞብኛል ብሎ እንደሄደ ገባኝ።

አሁን ሰባ ሆኖኛል። ከሁለት ወር በኋላ ያለ አንድ ቃል ለቀቁኝ። ጤፉ ረግፎ ጠበቀኝ። መምህሩን ያየ ሰው ግን አላገኘሁም። ቡሬ ቤቱን ጠይቄ ሄጄ ነበር፤ ሌላ ሰው ተከራይቶታል። በሕይወት ካለ፣ ያ ሽማግሌ ለጤፉ ሲል ሸጠኝ ብሎ ይኖራል። ሞቶም ከሆነ ይህንኑ ይዞ ሞቷል። ሰው ያላደረገው ነገር እንዲህ ይከብደዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጽሐፉን ርእስ ነግሮኝ ነበር፤ ጠፋብኝ። ገበያ በወረድሁ ቁጥር መጽሐፍ የምትሸጠውን ሴትዮ «ድልድይ ጠባቂ ያለበት አጭር ልቦለድ አለሽ?» እላታለሁ። «አባባ፣ እስቲ ይህን ይሞክሩ» እያለች ሌላ ትሰጠኛለች። እስካሁን አራት አንብቤያለሁ። ሁለቱ ከንቱ ናቸው። አንዱ ደግ ነው። ስለ አንዲት የሞተች አዋላጅ የሚያወራው ግን ሁለት ቀን ምግብ ከለከለኝ፤ ልብ ያለው ያንብበው። ሳነብ ጎኔ የሆነ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ገጹን ቶሎ አልገልጥም፤ እርሱም እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። የድልድዩን ያገኛችሁ ካላችሁ አንብቡት፣ ለሰውም ንገሩ።

መምህሩ በተወሰደ በማግሥቱ ጠዋት ለቆጠራ ግቢው ውስጥ አሰለፉን። መምህሩ አለበት የተባለው የማዶው መጋዘን በር ከፊት ለፊታችን ነው፤ ተዘግቷል። እያንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ዲያቆኑ «ሠላሳ አንድ» አለ። ተራው የእኔ ነው። ፊቴን ወደ ተዘጋው በር አዙሬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «አልፈረምሁም!» አልሁ።

«ቁጥር ነው የተባልኸው!» አለ ጠባቂው። «እንደገና፣ ከመጀመሪያው!»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ። ሠላሳ አንድ ተባለ። «አልፈረምሁም!» አልሁ። ዱላው ትከሻዬን አገኘኝ። ቆጠራው ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ከሰልፉ ማንም አላጉረመረመብኝም። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ዲያቆኑ ቁጥሩን ጠርቶ አንገቱን ደፋ። በሩን እያየሁ «አልፈረምሁም!» አልሁ።

ጠባቂው ጥቂት አየኝ። ከዚያ ራሱ «ሠላሳ ሁለት» አለና ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደ።